የወይዘሮ ዶክተር ሽጉጥ

የምዕራቡ ነፋስ ሊምፍዮርድ ከሚባለው የባሕር ሰርጥ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ ይገፋታል፤ ሲግኔ ደግሞ በብስክሌቷ ላይ ጎንበስ ብላ ወደ ፊት ትገፋለች። ጎማ የሚባል ነገር ከገበያ ከጠፋ ቆይቷልና መንኮራኩሩ ላይ የተጠመጠመው የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ነው፤ ጠጠር ባገኘ ቁጥር አጥንቷ ድረስ ይነግራታል። ጋሪ የሚነዳ ገበሬ ባርኔጣውን አንስቶ፣ "በዚህ ብርድ ወዴት ነው ወይዘሮ ዶክተር?" ብሎ በባሏ ማዕረግ ቢጠራት፣ "አራስ ልጠይቅ ነው" ብላ አለፈችው። ውሸቱ ከአፏ ቀሎ ሲወጣ ራሷን ገረማት።

የምትሄደው ሽጉጥ ልትመርጥ ነበር።

ጀርመኖች ዴንማርክን ከያዙ አምስተኛው የበረዶ ወራት ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ሰበካ ሐኪም የነበሩትን ዶክተር ሐልስኮውን ሁለት ሰዎች መጥተው "ሕፃን ታሞብናል" ብለው ይዘዋቸው ሄዱ፤ በማግስቱ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተገኙ። ገዳዮቹ ጀርመኖች አልነበሩም። ዴንማርካውያን ናቸው፤ ለጀርመን ያደሩ፣ ሰውን በገዛ ቋንቋው ጠርተው የሚገድሉ። የሟቹ ጥፋት ደግሞ የሲግኔ ባል የዶክተር አንከር ጥፋት ነው፤ የባቡር ሐዲድ ሲያፈርሱ የቆሰሉ ልጆች በጓሮ በር ሲገቡ ስም ሳይጠይቅ መስፋት።

ከቀብሩ ሲመለሱ ሲግኔ የሽጉጥ ነገር አንስታ ነበር። አንከር የቤቱን ቁልፍ በር ላይ እንደሰካ ዞሮ አያት። "እዚህ ቤት የሚገባ ሰው ጀርመንም ይሁን ማን፣ እንደ በሽተኛ ነው የሚገባው። ሽጉጥ ካስገባሁ ከዚያ በኋላ የሚያንኳኳውን ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የማየው። አይሆንም፣ ሲግኔ።" ከዚያ ወዲህ አላነሳችበትም። ለሻምበል ፕሬበን ግን መልእክት ላከች።

ፕሬበን ክሮግ ጀርመኖች የዴንማርክን ጦር ትጥቅ አስፈትተው ከበተኑት ወዲህ የመኮንን ልብሱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የአሮጌው ጡብ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኗል። ጢሙን ብቻ አሁንም እንደ ሻምበል ነው የሚከረክመው። ሲግኔ ገና ነርስ ሳለች ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ "እማዬ" እያለ ሲያቃስት ያስታመመችው እሷ ናትና ማዕረጉ እምብዛም አያስደነግጣትም።

"ቆዩብኝኮ። ተያዙ ብዬ ነበር" አላት በሩን ገርበብ አድርጎ።

"የያዘኝ ነፋሱ ነው። በል አሳየኝ።"

እሳት ከጠፋበት የቆየው የጡብ ምድጃ እንደ ዋሻ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ድምፅ ይውጣል። ፕሬበን ፋኖሱን አስቀምጦ ከጆንያ ላይ ጨርቅ ገለጠ። ሦስት ሽጉጦች ተጋድመዋል።

"ጦሩ ያስታጠቀኝም አለ፤ እሱን ግን አላመጣሁትም። እሱን ለመደበቅ የእኔም ካፖርት አይበቃም። እርስዎ የሚፈልጉት እዚያ ውስጥ የሚገባ ነው" አለና የያዘችውን የጥንቸል ቆዳ የእጅ ማሞቂያ በአገጩ አመለከተ። የዚያ ዘመን ሴቶች በብርድ ጊዜ ሁለት እጃቸውን ከግራና ከቀኝ አስገብተው ሆዳቸው ላይ የሚይዙት ለስላሳ ከረጢት ነው። ማንም ሴት ይዛው ብትታይ ማንም ወንድ ልብ አይለውም።

መጀመሪያ ያነሳው ጥቁር ሰማያዊ፣ ስስ፣ ሲያዩት የሚያምር ሽጉጥ ነበር። "ይቺ የአንድ ጀርመን መኮንን ነበረች። ባቡር ጣቢያው ሻይ ቤት ቀበቶውን ሰቅሎ ሽንት ቤት ገባ።"

"ከዚያስ?"

"ሲመለስ ቀበቶው ነበር።"

ሲግኔ ሳትወድ ሳቀች። ተቀብላ ልታቀባብል የላይኛውን ብረት ብትስበው እምቢ አላት። ደግማ ጥርሷን ነክሳ ሳበችው፤ ግማሽ መንገድ መጥቶ ከጣቷ አመለጠ። ለዓመታት በሆስፒታል ቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ የኖረው የእጇ መገጣጠሚያ በሙሉ ተቃጠለ።

"ግድ የለም፣ እኔ አቀባብዬ እሰጥዎታለሁ።"

"ዛሬ ታቀባብልልኛለህ። ነገስ? መኝታ ቤት መጥተህ ልታቀባብልልኝ ነው?"

ሻምበሉ እስከ ጆሮው ቀላ። ሽጉጡን ወደ ጆንያው መለሰው።

ሁለተኛዋ የቤልጅግ ሥሪት ናት፤ በወንድ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ፣ የሴት ቦርሳ ጌጥ የምትመስል። የሲግኔ ልብ ወዲያው ወደ እሷ ሄደ። ብረቷ ለስላሳ ስለሆነ ያለ ሕመም አቀባበለቻት። ፕሬበን ግን፣ "ይቺ በግልጥ ሲተኩሷት ደህና ናት። እርስዎ የሚተኩሱት ከማሞቂያው ውስጥ ስለሆነ እንደዚያው እንሞክራት" ብሎ ከእናቱ አሮጌ የጠጉር ካፖርት የተቆረጠ እጅጌ ሰጣት። እጇን አስገብታ በቅርብ የተቆለለው የሸክላ አፈር ከረጢት ላይ ተኮሰች። አቧራ ተነሳ። ለሁለተኛ ጊዜ ምላጩን ስትስብ ምንም የለም። አውጥታ አየችው፤ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ የካፖርቱን ጠጉር ከነቀለሃው ነክሶ ቆሟል።

"አሁን ምን አደርጋለሁ?"

"አሁን በሁለት እጅዎ ስበው ያጸዱታል።"

"ሰውየውስ?"

"ሰውየው እስኪያጸዱ አይጠብቅም" አለ ፕሬበን።

የቀረችው ሪቮልቨር ነበረች፤ አጭር፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ጥይቶቿ የሚቀመጡበት ጎማ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ያበጠ። የፕሬበን አክስት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ብቻዋን በባቡር ስትዞር ትይዛት የነበረች ናት። መዶሻዋ ከውስጥ ስለተቀበረ ከላይ ጨርቅ የሚይዝ ነገር የላትም። ሲግኔ በእጅጌው ውስጥ ይዛ ምላጩን ሳበች፤ ከብዶ ጣቷን አሳመማት። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም።

"ከሸፈ። ጥይቱ ዕድሜው ከእኔ አይተናነስም። ምንም ሳይነኩ ደግመው ይሳቡ።"

ሳበች፤ ጎማው ዞረ፤ ምድጃው በድምፅ ሞላ። ደግማ ሳበች። እጅጌው እየጨሰ፣ ጠጉሩ እየሸተተ፣ እስከ መጨረሻዋ ጥይት ተኮሰች።

"ይቺን" አለች።

"አስቀያሚዋን?"

"ላገባት አይደለም።"

ፕሬበን ፈገግ ብሎ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየጠረገ መርጦ ሞላላት። "ወይዘሮ ዶክተር፣ ለማስፈራራት ብለው እንዳያወጧት። ካሳዩዋት ይቀሙዎታል። ወይ ከውስጥ ይተኩሳሉ፣ ወይ ሳይተኩሱ ይመለሳሉ። ሌላ የለም።"

ሲግኔ ሪቮልቨሯን ወደ ማሞቂያው አስገባች። አከበደችው። "ፕሬበን፣ እነሱ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?"

ሻምበሉ ፋኖሱን አንስቶ የምድጃው አፍ ድረስ ሸኛት። እዚያ ቆሞ ወደ ፍዮርዱ እያየ፣ "አያውቁም" አለ። "እርግጠኛ የሆኑ ጊዜ ዘግይተዋል።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ማሞቂያው ከእጇ አልተለየም። አንከር ቁርስ ላይ ሲያያት፣ "ቤት ውስጥም?" አላት። "መገጣጠሚያዬን አሞኝ ነው" ብትለው እውነት ስለሆነ አመናት። ማታ ማታ ወንበሩን አስጠግቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ በካምፎር ቅባት ያሽላት ጀመር። ሲያሻት ማሞቂያው ጭኗ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት ክሬስተን የሚባለው ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ በጓሮ በር ገባ። ሲግኔ ወጥ ቤት ብቻዋን ነበረች። ሽማግሌው ሰላምታም ሳይሰጥ ግራ ቀኙን አይቶ እጁን ወደ ጉያው ሰደደ። እሷም ምላጩን መሳብ ጀመረች። የምላጩ ክብደት፣ ያ በምድጃው ውስጥ የጠላችው ክብደት ነው ያተረፈው፤ ጣቷ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ክሬስተን በጋዜጣ የተጠቀለለ በጭስ የደረቀ ዓሣ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

"ለዶክተር ነው። ጀርመኖቹ እንዳያዩት ደብቄ ነው ያመጣሁት። ምነው፣ አመመዎት እንዴ?"

"ብርዱ ነው፣ አባባ ክሬስተን። ይቀመጡ።"

ሲሄድ በሩን ዘግታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሪቮልቨሯን ፍዮርዱ ውስጥ ልትጥላት ወሰነች። ቆይቶ ደግሞ የዶክተር ሐልስኮውን ባለቤት በቀብሩ ላይ ያየቻትን አስታወሰች፤ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ የመጣችውን። አልጣለቻትም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑ ሊጨልም ሲል፣ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ።

ከመኪናው የወረደው ጉንጩ የቀላ ወጣት ነበር፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ይጨባብጠዋል። "ዶክተር፣ ባለቤቴ ምጥ ይዟታል፤ ከትናንት ጀምሮ አልወለደችም። ከጫካው ማዶ ነው ቤታችን፣ ከሜዳው ላይ። አዋላጇ አቅቶኛል አለች።" አንከር ወዲያው ቦርሳውን አነሳ። ሲግኔ በመስኮት መኪናውን አየች። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ መኪናው ጀርባ ላይ የእንጨት ምድጃ ጭኖ በጭስ ጉልበት ነው የሚነዳው። ይሄኛው ምድጃ የለውም፤ ቤንዚን የሚያገኙት ደግሞ ከሞላ ጎደል ጀርመኖችና ያደሩላቸው ብቻ ናቸው። ከኋላ ወንበር ላይ የቆዳ ካፖርት የለበሰ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ኮሪደር ላይ የባሏን ክንድ ያዘች። "በቤንዚን ነው የሚነዱት።"

"አይቻለሁ" አለ አንከር ዝግ ብሎ።

"እና?"

"እና ሚስቱ እውነት እያማጠች ቢሆንስ?"

ፊቱን አየችው፤ ነጭ ሆኗል። ፈርቷል፤ ግን መሄዱን አይተውም። ይህን ስታውቅ ሌላ ክርክር አላነሳችም። ካፖርቷን ደረበች፣ ማሞቂያውን ያዘች፣ ተከትላው ወጣች።

"ወይዘሮዋ ይቅሩ እንጂ፣ ብርዱ ከባድ ነው" አለ ወጣቱ።

"ነርስ ነኝ። ለምጥ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንሄደው።"

ወጣቱ ወደ ቆዳ ለባሹ አየ። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። አንከር ከሚነዳው ወጣት ጎን፣ ሲግኔ ከኋላ ከሰውየው ጎን ተቀመጡ። መኪናው ተነሳ።

"የመጀመሪያ ልጅ ነው?" አለች ሲግኔ ወደ ሾፌሩ ዘንበል ብላ።

"አዎ፣ የመጀመሪያ።"

"ውሃው ፈሷል?"

"ፈሷል። ጠዋት።"

"ማን አለ ከእሷ ጋር?"

"እናቷ።"

መልሱ ሁሉ ደህና ነው። ፈሪ ባል እንዲህ ነው የሚመልሰው፤ ውሸታምም እንዲሁ። "ስሟ ማን ነው? የማውቃት ልጅ ትሆን ይሆናል" ብትል ቆዳ ለባሹ ቀደመ። "ወይዘሮ፣ ልጁ መንገዱን ይመልከትበት። በወሬ ቦይ ውስጥ እንዳይከተን።"

ቦይ የሚለውን ቃል ስትሰማ ዶክተር ሐልስኮውን አሰበች። ግን እንዲያው የተባለ ቃልም ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ በረዶ ነው፣ ቦዩም አለ።

መኪናው የሜዳውን መታጠፊያ አለፈው። "አልፈኸዋል እኮ" አለ አንከር።

"እዚያ በረዶ ዘግቶታል። በጫካው በኩል እንዞራለን።"

እውነት ሊሆን ይችላል። የጥዱ ጫካ ከግራና ከቀኝ መጥቶ መንገዱን አጠበበው። ሲግኔ ባሏን ከኋላ አየችው፤ ማጅራቱ፣ ሽበቱ፣ ባለፈው ቅዳሜ ራሷ የቆረጠችለት ጠጉር። መኪናው ዝግ ማለት ጀመረ። ለምን እንደሚዘገይ የሚታይ ነገር የለም፤ ቤትም መብራትም የለም። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ቆዳ ለባሹ እጁን ወደ ጉያው ሰደደ።

ሲግኔ ክሬስተንን አሰበች። ዓሣውን አሰበች። እጁ ከካፖርቱ ሲወጣ ምላጩን እስከ መጨረሻው ሳበችው።

በጠባብ ቦታ ድምፁ ድምፅ አይመስልም፤ በጥፊ የተመቱ ያህል ነው። ደግማ ሳበች። መኪናው ተንሸራቶ በረዶ ክምር ላይ ተሰክቶ ቆመ። ሰውየው በሩ ላይ ተደግፎ በመገረም ያያታል፤ እጁ ውስጥ ያለው የሲጋራ ፓኮ ነው።

የሲጋራ ፓኮ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታስታውሰው ከሌላ ሰው እንደሰማችው ነበር። ሾፌሩ ሁለት እጁን አንስቶ "አትተኩሺ፣ በእናትሽ!" እያለ ይጮኻል። አንከር ግን ወርዶ የኋላውን በር ከፍቶ ሰውየውን አጋድሞታል፤ "መቀስ!" ይላታል፣ ከሃያ ዓመት ልማድ፣ ሳያያት። እሷ መቀስ የምታቀብልበት እጅ የላትም፤ በሚጨስ ማሞቂያ ሾፌሩን ይዛለች። አንከር ራሱ ከቦርሳው አወጣ፤ ካፖርቱን ቀደደ፤ ሸሚዙን ቀደደ። ከብብቱ ሥር በቆዳ አፎት የታሰረ ትልቅ ሽጉጥ ተገለጠ። አንከር ለአንድ አፍታ አየው፤ ፈትቶ ወደ በረዶው ወረወረውና ቁስሉን ይጫን ጀመር።

"ዶክተር" አለ ሰውየው፤ የራንደርስ ከተማ ሰው አነጋገር ነበረው። "እድናለሁ?"

"ትንፋሽህን ዝግ አድርግ።"

"ትንሽ ነበር የቀረን" አለ ሰውየው ወደ ጫካው እያየ፣ እንደሚያጫውተው። "እዚያ ያለው ገላጣ ቦታ ጋ ነበር። መጀመሪያ ላጭስ ብዬ..." ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ነገር ከአፉ ወጣ። አንከር እጁን አላነሳም። ሰውየው ከሞተ በኋላም ትንሽ ቆይቶ ነው ያነሳው።

ሾፌሩ ያለቅሳል። "እኔ መንዳት ብቻ ነው። ሰው ገድዬ አላውቅም። እሱ ነው፣ ሁሌም እሱ ነው።"

"ለዶክተር ሐልስኮውም አንተ ነህ የነዳኸው?" አለች ሲግኔ።

ልጁ ዓይኑን ወደ በረዶው ጣለ፤ ያው መልስ ነው። ፕሬበን እዚህ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ልጁ ፊቷን አይቷል፣ ስማቸውን ያውቃል። ማሞቂያው ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ይበቃሉ። አንከር እጁን በበረዶ እያጠበ ቀና ብሎ አያት። ተይ አላለም፤ ግደዪውም አላለም። ይህ ከሁሉ ባሰባት፤ ሃያ ዓመት ለሁሉ ነገር ቃል ያለው ሰው ዛሬ ለእሷ ቃል አጣ።

"ጫማህን አውልቅ" አለችው ልጁን።

"ምን?"

"ጫማህን፣ ካልሲህንም። አውልቅና በእግርህ ሂድ። በመጣንበት መንገድ የመጀመሪያው ቤት ብርዱ ሳይገድልህ ትደርሳለህ፤ ከሮጥክ።"

ልጁ በባዶ እግሩ በረዶው ላይ እያነከሰ ሲሮጥ ጥላው እስኪጠፋ ጠበቀች። ያተረፈችለት ነፍስ ነገ ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል ማን ያውቃል? የምታውቀው አሁን ቤት መመለስ እንደማይቻል ነው። ፕሬበን ሰዎችን ወደ ስዊድን የሚያሻግሩ ዓሣ አስጋሪዎች አሉት። ሟቹን ከጥዶቹ ሥር አጋደሙት፤ አንከር ዓይኑን ከደነለት። መኪናውን ከበረዶው ገፍተው አወጡ።

አንከር ነዳ። ከጥዱ ጫካ ወጡ። ከዚያ፣ "ሲጋራ ነበር" አለ።

"አዎ።"

"ስትተኩሺ አላወቅሽም።"

"አላወቅሁም።"

መሪውን አጥብቆ ያዘው። "ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ሲግኔ። የሰውየውን ሽጉጥ ከማየቴ በፊት። ገዳይ ይሁን ምስኪን ገበሬ ሳላውቅ። የተኮስሽው አንቺ መሆንሽን ብቻ አወቅሁና... ደስ አለኝ። ከዚያ ነው መቀስ ያልኩሽ።"

ሲግኔ በተቃጠለው ጠጉር ውስጥ እንዳለ እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረችው።

ወደ ጡብ ፋብሪካው የሚወስደው መንገድ በቤታቸው ደጅ ነው የሚያልፈው። መስኮቶቹ በጥቁር ወረቀት እንደተሸፈኑ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ባለው የበሽተኞች አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች። መኪና ስታይ ተነሳች፤ ዶክተሩን በመስታወቱ ለይታው ነው መሰል እጇን አውለበለበች፤ ሁለት እርምጃም ወደ መንገዱ ገባች።

አንከር ፍጥነቱን ጨመረ። ሲግኔ ወደ ኋላ ዞራ ልታይ ፈለገችና ተወችው፤ እሱ ግን እስከ ፍዮርዱ መታጠፊያ ድረስ ዓይኑን ከኋላ ማሳያው መስታወት አላነሳም።